ኤም1432ኤ ግራይንደር፦ የስፒንድል ዘይት በድንጋዩ በኩል ያፈሳል፣ አዲስ ፓራሊዮም አልያዘውም

ኮምቦልቻ_ቶርኖ፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም ጀመዓ።

ኮምቦልቻ ወርክሾፕ ውስጥ ያለ የቻይና ኤም1432ኤ ሲሊንደሪካል ግራይንደር (ክብ ዘንግ በድንጋይ የሚሞርድ ማሽን) የስፒንድል፣ ማለትም ድንጋዩን የሚያዞረው ዘንግ፣ ዘይት ያፈሳል። ማሽኑ ቆሞ ሲያድር ከሥሩ ጠብታ አይገኝም። ተነስቶ 20 ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ግን ከድንጋዩ ፍላንጅ ጀርባ ማርጠብ ይጀምራል፤ እኩለ ቀን ላይ የድንጋይ መከለያው ውስጠኛ ግድግዳ በዘይት ተረጭቶ ይታያል። በፑሊው በኩልም ትንሽ ላብ አለ፣ ቺንጋዎቹ ጋ ግን አልደረሰም። ጠዋት የዘይት መጠን ማያው መስታወት መሃል ላይ የነበረው ዘይት ማታ ከታችኛው ጠርዝ ጋር ይስተካከላል። ከሰዓት በኋላ የስፒንድሉ ቤት እጅ አያስደፍርም።

የፊቱ ፓራሊዮ (ዘንጉን ከቦ ዘይት የሚይዘው ቀለበት) አዲስ ነው፤ ባለሞላ ላስቲክ፣ ከንፈሩ ወደ ዘይቱ ዞሮ የገባ። ገንዳው ውስጥ ያለው ሃይድሮሊክ 68 ነው፤ የስፒንድል ዘይት የሚባለው ሱቅ ላይ የለም። የሚሞረደው የፓምፕ ዘንግና ፒን ነው፤ አሁን አሁን ፊቱ ላይ ደቃቅ ሞገድ እየታየ ነው።

ባለ ሁለት ከንፈር ፓራሊዮ ይሻላል? ወይስ ሙቀት የሚችለው ቫይተን? አንዳንዱ ደግሞ ዘይቱን ወደ 20 ደብሊው 50 ቢያወፍሩት ይቆማል ይላል። ወይስ ዘንጉን የሚደግፉት ፓዶች ናቸው ያለቁት?


ጋሽ_ሞረድ (ደሴ)፦

ወአለይኩም ሰላም። አብሽር፣ ማሽኑ ይድናል። 20 ደብሊው 50 የሚለውን ሐሳብ ግን እዚሁ ጣለው፤ ስፒንድሉን የሚገድለው እሱ ነው።

ይህ ስፒንድል ባለኳስ ኩሽኔታ ላይ አይደለም የሚዞረው። ፊትና ኋላ ሦስት ሦስት ፓድ አለው፣ ሁሉም ዘይት ውስጥ የተነከሩ። ዘንጉ ሲዞር ዘይቱን ወደ ጠባቡ ክፍተት እየጎተተ ያስገባና በራሱ የዘይት ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል። ክፍተቱ ከ0.01 እስከ 0.02 ሚሜ ነው። ድንጋዩ 400 ሚሜ ነው፤ በደቂቃ 1670 ሲዞር ጠርዙ በሰከንድ 35 ሜትር ይሄዳል። እዚህ ክፍተት ውስጥ፣ በዚህ ዙር፣ ወፍራም ዘይት የሚጨምርልህ ሙቀት ብቻ ነው። ቆርቆሮው ላይ ያለው ቁጥር በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለካ ውፍረት ነው፤ 68 ማለት ከ5 ቁጥር ዘይት በ13 እጥፍ የበለጠ ወፍራም ማለት ነው፤ 20 ደብሊው 50 ደግሞ በዚያው ሙቀት ከ150 በላይ ነው። ይህ ስፒንድል የሚፈልገው ከ2 እስከ 5 ያለውን ነው።

ፍሳሹም ከዚሁ ሙቀት ይነሳል። ጠዋት 20 ዲግሪ የነበረ ቤት 55 ሲደርስ፣ መተንፈሻው ተደፍኖ ከሆነ ውስጡ የታፈነው አየር ግፊቱ 12 በመቶ ያህል ይጨምራል። በኮምቦልቻ ከፍታ ወደ 0.1 ባር ቢሆን ነው። ትንሽ ናት፣ ግን ቀኑን ሙሉ ትገፋለች፤ የደከመ ከንፈር ደግሞ እሷን አይችልም። ሲቆም የለም፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይመጣል ያልከው ነገር እኔን በቀጥታ ወደ መተንፈሻው ነው የሚወስደኝ።

ማታ ሲቀዘቅዝ የሚሆነው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ቤቱ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ከፍላንጁ ጀርባ የተጠራቀመውን ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እና የድንጋይ ብናኝ በዚያው ከንፈር ሥር ይወስደዋል። የፈሰሰውን ዘይት ትተካዋለህ። ፓዱን የሚበላው የገባው ብናኝ ነው።

ስለዚህ ፓራሊዮ ከመግዛትህ በፊት መተንፈሻውን ፈልገው። ብዙውን ጊዜ የዘይት መሙያው ክዳን ላይ ያለች ቀዳዳ ናት፤ ቀለም ሲቀባ ወይም ብናኝ ከዘይት ጋር ሲጋገርባት ትደፈናለች። ሙከራው ቀላል ነው፦ ክዳኑን አላልተህ በንጹሕ ናይለን ጨርቅ ሸፍነው፣ ኩላንት ሳትከፍትና ሳትሞርድ አንድ ሰዓት አስኪደው። ፍሳሹ ከቀነሰ ፓራሊዮህን አትውቀሰው።

መጠኑንም ተመልከት። ዘይት የሚሞላው ማሽኑ ቆሞ ሳለ እስከ መስታወቱ መሃል ነው። «ለማንኛውም» እያሉ እስከ አፉ መሙላት ከንፈሩን ዘይት ውስጥ ማስጠመቅ ነው።


ደረቅ_ጨርቅ፦

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔ አንድ ነገር ላስቀድም፦ የሚፈሰው በእርግጥ የስፒንድሉ ዘይት ነው?

በዚህ ማሽን ላይ የድንጋዩን ራስ በፍጥነት የሚያመጣና የሚመልስ የሃይድሮሊክ ሲሊንደር አለ፤ የተንሸራታች መንገዶቹም ዘይት አላቸው። ሁለቱም ወደዚያው አካባቢ ይወርዳሉ። አሁን ስፒንድሉም ሃይድሮሊኩም 68 ከሆነ በቀለም አትለያቸውም። መስታወቱ እየቀነሰ ስለሆነ ስፒንድሉ ማፍሰሱ ግልጽ ነው፤ ሁሉም ከዚያ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም።

ድንጋዩን ከነፍላንጁ አውርደው፣ አካባቢውን በቤንዚን ሳይሆን በማይቀጣጠል ማጽጃ አጥበህ አድርቀው። ከዚያ የሕፃናት ፓውደር ወይም የተፈጨ ጠመኔ በብሩሽ ስስ አድርገህ በቤቱ ፊት፣ በፓራሊዮው ዙሪያና በቤቱ ላይ ባሉት መዝጊያ ቡሎኖች ላይ ርጭ። 30 ደቂቃ ባዶውን አስኪድና አምፖል ይዘህ እይ። ዘይት መጀመሪያ ዱቄቱን ያጠቆረበት ቦታ ምንጩ ነው። ማውጫው ሦስት ሊሆን ይችላል፦ በከንፈሩና በዘንጉ መካከል፣ በፓራሊዮው ውጫዊ ክብና በቤቱ መካከል፣ ወይም የፓዶቹን ማስተካከያ ብሎን ከሚዘጉት ቡሎኖች ሥር። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያየውም። ከዚያ የወጣ ዘይት በቤቱ ፊት ወርዶ ልክ ከፓራሊዮ የመጣ ይመስላል።

ደግሞ ድንጋዩን! ዘይት የጠጣ ድንጋይ ሲቆም ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ በማግስቱ ስታስነሳው ከሚዛን ውጭ ነው። ያ ሞገድ ግማሹ ከዚህ ሊሆን ይችላል። ዘይት የገባበትን ድንጋይ በመዶሻ እጀታ ነካ አድርጎ ድምፅ መስማትም አይታመንም፤ ደህናውም እንደ ስንጥቅ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። በደንብ ከራሰ ጣለው። 400 ሚሜ ድንጋይ በዚያ ፍጥነት ሲፈነዳ መከለያው ብቻውን አያድንህም።


ሰላም_ፍሬዛ፦

የስፒንድል ዘይት ከጠፋ ላምባ ከ68ቱ ጋር ቀላቅሎ ማቅጠን አይቻልም? ድሮ የሚሠራበት ነው ይባላል።


ጋሽ_ሞረድ (ደሴ)፦

አንዳንድ የድሮ ፋብሪካዎች በመመሪያቸው ላይ የላምባና የቀጭን ዘይት ድብልቅ ያዙ ነበር፣ ልክ ነህ። ያ ግን የታወቀ ጥራት ያለው፣ የተጣራና በልክ የተመጠነ ነው። እዚህ በጀሪካን የሚሸጠው ላምባ ውሃና ደለል አለው፤ ሲሞቅ እየተነነ ይሄድና ሳምንት ሳይሞላው የቀረልህ ያው 68 ይሆናል። ትነቱም ይቀጣጠላል፣ ከጎኑ ደግሞ ብልጭታ የሚረጭ ድንጋይ አለ። ይቅርብን።

ዘይት አይገኝም የሚባለው ከጋራዥ ሱቆች ስለሚጠየቅ ነው። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። የፈትል ማሽኖች ስፒንድል የሚቀባው ከ10 እስከ 22 ባለው ዘይት ነው፤ ለእነሱ የሚያመጡ አቅራቢዎች 5 ቁጥርም ማዘዝ ይችላሉ። በስም ለመጠየቅ፦ ሞቢል ቬሎሳይት ቁጥር 3 ውፍረቱ 2 ነው፣ ቁጥር 6 ደግሞ 10። ቬሎሳይት ቁጥር 10 ግን ውፍረቱ 22 ስለሆነ በስሙ እንዳትታለል። ሼል ሞርሊና ኤስ2 ቢኤል 5 እና 10 አለው። 10 ብቻ ከተገኘ ክፍተቱን ወደ 0.02 አድርጎ ሙቀቱን እየተከታተሉ መሥራት ይቻላል፤ 22 አይሆንም። የስፌት መኪና ዘይት ለዚህ አይመከርም፤ ውፍረቱ ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፣ ጠርሙሱ ላይም አይጻፍም።

የአየሩ ነገርም አለበት። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ነች፣ ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ የምታገኘው ሙቀት ሌላ ነው። ደሴ ላይ በኅዳር ጠዋት ቀጭኑ ዘይት እንኳ መጀመሪያ ስለሚወፍር ስፒንድሉን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባዶውን ማሞቅ ግዴታ ነው። ኮምቦልቻ ላይ 15 ይበቃል።


ከንፈርና_ሞላ፦

ስለ ፓራሊዮው ልመልስ። ቫይተን አያስፈልግህም። 60 ሚሜ ዘንግ በ1670 ዙር ሲሄድ ከንፈሩ ላይ ያለው ፍጥነት በሰከንድ 5.2 ሜትር ነው፤ ተራው ናይትራይል ላስቲክ ከዚህ በእጥፍ ይችላል፣ ሙቀቱንም እስከ 100 ዲግሪ ይሸከማል። ቤቱ 100 ዲግሪ ከደረሰ ችግርህ ፓራሊዮ አይደለም። የራስህን ዘንግ ለክተህ አስላው፣ ውጤቱ ብዙ አይለይም።

አዲስ ፓራሊዮ ወዲያው ሲያፈስ የሚታየው ዘንጉ ነው። አሮጌው ከንፈር ለዓመታት የጋለበበት ቦታ ላይ ጥፍርህን በቁመት አሂደው። ጥፍሩ ከተሰናከለ ቦይ አለ፤ አዲሱ ከንፈር እዚያው ቦይ ውስጥ ተቀምጦ አይዘጋም። መፍትሔው ቦታ መቀየር ነው፦ የፓራሊዮው ቤት ጥልቀት ካለው ከኋላው 2 ወይም 3 ሚሜ ቀለበት አስገብተህ ከንፈሩ ያልተበላ ቦታ ላይ እንዲያርፍ አድርግ። ቦታ ከሌለ ስስ የብረት እጀጌ አለ፣ ግድግዳው 0.3 ሚሜ የማይሞላ፤ በዘንጉ ላይ ይጠለቃል፣ ያንኑ ቁጥር ፓራሊዮ ትጠቀማለህ። ብየዳ ግን በፍጹም። ስፒንድሉ ይጣመማል፣ ከዚያ ወዲያ ቀና የሚያደርገው ሰው እዚህ አገር ብዙም የለም።

ትንሽ ጭረት ብቻ ከሆነ 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ዘይት ነክረህ በክቡ ብቻ አሽ። ወረቀቱን ወደ ቁመት አታንቀሳቅስ። ወደ ጎን እየሄዱ ማሸት እንደ ቡሎን ጥርስ ጠመዝማዛ መስመር ይተዋል፣ እሱም በ1670 ዙር ዘይቱን ራሱ ፓምፕ አድርጎ ያወጣዋል። አዲስ ፓራሊዮ፣ የሚያብለጨልጭ ዘንግ፣ ግን የሚያፈስ ስታይ መጀመሪያ ይህን ጠርጥር። ስታሽ የፓድ ወገን እንዳይበናኝ በቅባት የተነከረ ጨርቅ ጠቅጥቅ።

ሲገባ ደግሞ ከንፈሩ በኮኑ ጠርዝ፣ በቁልፍ ቦዩና በጥርሱ ላይ ሲያልፍ ነው የሚቆረጠው። ከፕላስቲክ ጠርሙስ ስስ ኮን ቆርጠህ ዘንጉ ላይ ጠቅልል፣ ዘይት ቀባ፣ በላዩ አንሸራት። ውጫዊ ክቡ ላይ ጭረት ካለ ስስ የማተሚያ ፈሳሽ ቀባ፤ ሲሊኮን አትጠቀም፣ ተርፎ ወደ ውስጥ የገባው ተቆርጦ ፓድ ሥር ይገባል።

ባለ ሁለት ከንፈሩን በተመለከተ ይሻላል፣ ግን በምክንያቱ። ዋናው ባለሞላ ከንፈር ወደ ዘይቱ፣ ሁለተኛው ወደ ኩላንቱ ዞሮ ብናኝ ይከለክላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ቦታ ሲሦውን ያህል ግሪስ አድርግ፤ ደረቅ የቀረ ሁለተኛ ከንፈር በሰዓታት ውስጥ ይቃጠላል። ቦታ አለ ብለህ ሁለት ፓራሊዮ ወደ አንድ አቅጣጫ ደርድረህ እንዳትከት፤ የውጪው ዘይት አያገኝም።


ኮምቦልቻ_ቶርኖ፦

አላህ ይስጥልኝ። ይህን ያህል ተገኝቷል፦ የመሙያው ክዳን ቀዳዳ በቀለም ድፍን ነው። ክዳኑ ላልቶ ሲሠራ ፍሳሹ በግማሽ ገደማ ቀንሷል፣ አልቆመም። ዱቄቱ የጠቆረው በከንፈሩ ሥር ነው፤ የማስተካከያ መዝጊያዎቹ ደረቅ ናቸው። ዘንጉ ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ አለ። በዳያል ጌጅ ዘንጉን በእንጨት ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ፊት 0.045፣ ኋላ 0.02 ሚሜ ያነባል። የወጣው ዘይት ጠርሙስ ውስጥ ሲያድር ከሥሩ ነጭ ደለል አስቀምጧል።


ጋሽ_ሞረድ (ደሴ)፦

ነጩ ኩላንት ነው፤ መሳብ ያልኩት ይኸው። ጥቂት ጠብታ በጋለ ብረት ላይ ጣል፣ ቢንጣጣ ውሃው ተረጋገጠ።

ኋላው 0.02 ደህና ነው፣ አትንካው። ፊቱ 0.045 ግን አዲስ ፓራሊዮም ቢሆን አያስቀምጥም፤ ዘንጉ ሲዋልል ከንፈሩ ይከተለዋል፣ ሞገዱም ከዚያ ነው። ዳያሉ ግን ቤቱ ላይ ነው የታሰረው ወይስ ጠረጴዛው ላይ? ጠረጴዛው ላይ ከሆነ የድንጋዩን ራስ መንቀሳቀስም አብሮ አንብቦልሃል። መግነጢሱን የስፒንድሉ ቤት ላይ አድርገህ ድገመው።

አሁንም ከ0.03 በላይ ካነበበ፦ ዋናውን ማብሪያ ቆልፍ፣ ቺንጋውን አውልቅ፣ ዘይቱን ሞቅ ባለበት አፍስስ። ፓዶቹ የሚደገፉት ጫፋቸው እንደ ኳስ በሆነ ብሎኖች ነው፤ እያንዳንዱ ፓድ ከራሱ ብሎን ጋር ተፋጭቶ የተገጠመ ስለሆነ ካወጣህ በቁጥር ምልክት አድርግባቸው። ጎን ለጎን ማቀያየር የለም፣ ወደ ኋላ ማዞርም የለም። ፓዱ ፊት ላይ ጥልቅ ጭረት ወይም የተቀበረ ብናኝ ካለ በማጥበቅ አይድንም፣ መፋቅ አለበት፤ ያ ሌላ ሥራ ነው።

ጭረት ከሌለ የላይኛውን ማስተካከያ ብቻ ነው የምትነካው። መዝጊያውን አውጣ፣ የመጎተቻውን ቡሎንና ባዶ ውስጡን ብሎን አላላ፣ ባለኳሱን ብሎን ፓዱ ዘንጉን እስኪነካ በቀስታ አጥብቅ። ከዚያ መልስ። ምን ያህል? ጥርሱን ለካ፦ የጥርሱ እርምጃ 1.5 ሚሜ ከሆነ 0.015 ሚሜ ማለት 3.6 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ቁልፉ ላይ ረጅም ዘንግ አስረህ ካልሆነ በዓይን አታየውም። መልሰህ ስትቆልፍ የጥርሱ ልቅነት ስለሚሰበሰብ ክፍተቱ ይለወጣል፤ ስለዚህ የሚታመነው ከተቆለፈ በኋላ የተነበበው ዳያል ነው። 0.015 አካባቢ እስኪሰጥህ ድረስ ድገም። ዘንጉ በእጅ ያለ ምንም መያዝ፣ በሁሉም ቦታ እኩል መዞር አለበት።


ከንፈርና_ሞላ፦

ጋሼ ባሉት ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። ከ68 ወደ 5 ስትወርድ ቤቱን በራሱ በ5 ቁጥሩ እጠበው፦ ጥቂት ሊትር አስገብተህ ስፒንድሉን በእጅ አዙር፣ አፍስስ፣ ንጹሕ እስኪወጣ ድገም። በኮምፕሬሰር አትንፋ፣ ብናኙን ወደ ፓዱ ይነዳዋል። አዲሱንም ዘይት ቢሆን አጣርተህ አስገባ፤ 0.01 ሚሜ ክፍተት ውስጥ ከቆርቆሮ የመጣ ቅርፊት ትልቅ ድንጋይ ነው። እና ቦዩን ሳታስተካክል ቀጭን ዘይት ካስገባህ ፍሳሹ ይብስብሃል እንጂ አይቀንስም። ቅደም ተከተሉ መተንፈሻ፣ ክፍተት፣ ዘንግ፣ ፓራሊዮ፣ ዘይት ነው።

ሁለተኛ፣ ቺንጋውን ስትመልስ ጊታር አታድርገው። በሁለቱ ፑሊዎች መካከል ያለው ነጻ ርዝመት 400 ሚሜ ከሆነ በአውራ ጣት ሲጫን 6 ሚሜ ያህል ይግባ። ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ዘንጉን ወደ አንድ ወገን ስለሚጎትት የፑሊውን በኩል ፓራሊዮ በአንድ ጎን ይከፍተዋል፤ ያቺ ያልካት ላብ ከዚህ ልትሆን ትችላለች።


ኮሎ_ወልዲያ፦

ጣልቃ ልግባ። የኛ የኮሎ (የሞተር ክራንክ ዘንግ) መሞረጃ ነው፣ የድሮ የአውሮፓ፤ ስፒንድሉ ጋ ፓራሊዮ የሚባል የለውም፣ ዘይቱን ፓምፕ ነው የሚሰጠው። እሱም በድንጋዩ በኩል ያፈሳል። ፓራሊዮ የምናስገባበት ቦታ ቶርኖ ላይ ብናወጣለትስ?


ደረቅ_ጨርቅ፦

አታውጣለት። ያንተው በቦይና በወርዋሪ ቀለበት የሚሠራ ነው፤ ዘንጉን የሚነካ ነገር የለም። ዘይቱ በቀለበቱ ይወረወርና በቦዩ ተሰብስቦ በታችኛው መመለሻ ቀዳዳ ወደ ገንዳ ይወርዳል። ሲያፈስ ከአሥር ዘጠኙ መመለሻዋ ናት፤ ብናኝ ከዘይት ጋር ጭቃ ሆኖ ይደፍናታል፣ ዘይቱ መውረጃ ሲያጣ በዘንጉ በኩል ይወጣል። ሽፋኑን አውልቅ፣ ቀዳዳዋን በመዳብ ሽቦ ክፈት፣ ዘይት አፍስስባትና ሳታቅማማ መዋጧን እይ። ሽፋኑን ስትመልስ መመለሻው ወደ ታች መሆኑን አረጋግጥ፤ ቡሎኖቹ እኩል የተከፋፈሉ ስለሆኑ ተገልብጦም ይገጥማል። ጓርኒሲዮኑንም ስትቆርጥ ቀዳዳዋን እንዳትሸፍን።

የሱፍ ቀለበት ካለው ደረቁን አታስገባ፤ ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ አሳድረህ ነው። ከዚያ የፓምፑን ግፊት ከማሽኑ ሰሌዳ ጋር አስተያየው፣ ሰው ለሌላ ነገር ከፍ አድርጎት ሊሆን ይችላል።


ጋሽ_ሞረድ (ደሴ)፦

ለሁለታችሁም፦ ከማስነሳታችሁ በፊት አዟዟሩን። መስመር ተጠግኖ ወይም ትራንስፎርመር ተቀይሮ መብራት ሲመለስ ፌዙ ተገልብጦ ሊመጣ ይችላል። እነዚህ ፓዶች የዘይቱን ንጣፍ የሚሠሩት ለአንድ አቅጣጫ ነው፣ ወደ ኋላ ከዞሩ ብረት ለብረት ይሆናሉ፤ የድንጋዩም ዳዶ ይላላል። ቺንጋው ሳይገባ ሞተሩን ብልጭ አድርጋችሁ ቀስቱን እዩ።

የኮምቦልቻው፣ ስታስነሳ ያለ ድንጋይ 5 ደቂቃ አስኪድ፣ አቁም፣ ቤቱን ዳስስ። ከዚያ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት። በሁለቱም ጫፍ ሥር ነጭ ካርቶን አድርግ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቤቱ ለብ ብሎ እጅ የሚያስቀምጥ መሆን አለበት፤ 60 ዲግሪ ከደረሰ ወይ ክፍተቱ ጠቧል ወይ ዘይቱ ወፍራም ነው፣ ድንጋይ ሳትጭን አቁመው። መስታወቱ ከቆመ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው የሚነበበው። ንባቡን ጻፍልን።